ምድረ በዳና ያስቸገረ ወጣት
ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



በአማርኛ «በረሃ ገባ» ወይም «ጫካ ገባ» የሚባለው ሰው በአብዛኛው ያኮረፈ ሰው ነው። ዱር ቤቴ የሚለው ከዳኛ የተጣላ፣ ደም ያለበት ወይም ለገዢው አልገብርም ያለ ነው። ባሕታዊውም ቢሆን መንገዱ ይለይ እንጂ ዓለምን ሸሽቶ የሄደ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡንና ትምህርት ቤቱን ያስቸገረ የ16 ዓመት ልጅ ጠባዩ እንዲቃና ሆነ ተብሎ ወደ ምድረ በዳ ይላካል ሲባል፣ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የተገለበጠ ይመስላል። ልጁ ይሸፍታል ብሎ የሚሰጋው ወላጅ ራሱ መንገድ መርቶ ወደ ጫካ ያስገባዋል ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ይህ አሠራር በብሪታንያና በአሜሪካ ከ80 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። በዚህ መንገድ ሕይወታቸው የተቃና ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ በዚሁ መንገድ ላይ ሞተው የቀሩም አሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ እንዴት ሊቀዱ እንደቻሉ መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሠራሩ ጠንሳሽ ኩርት ሃን የተባለው ጀርመናዊ መምህር ነው። ሃን በ1886 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተ ሰብ ተወለደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920 ዓ.ም.፣ በጦርነቱ ማብቂያ የጀርመን መራሔ መንግሥት ከነበሩት ከባደኑ ልዑል ማክስ ጋር ሆኖ በዛሌም አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1932 ዓ.ም. ሂትለር አንድን ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ረግጠው ለገደሉ ተከታዮቹ በይፋ በወገነ ጊዜ፣ ሃን ለትምህርት ቤቱ ምሩቃን ደብዳቤ ጽፎ ከዛሌምና ከሂትለር አንዱን እንዲመርጡ ጠየቃቸው። በሚቀጥለው ዓመት ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ ወደ ብሪታንያ ተሰደደ። በ1934 ዓ.ም. በስኮትላንድ የጎርደንስተንን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ይህ የሚነሣው የሰውየውን ገድል ለማስረዘም አይደለም። ወጣቱን ለችግር አጋልጦ ማሠልጠን የሚለው አሳብ አምባገነኖች ወጣቱን ለሰልፍ ካዘጋጁበት ሥልጠና ጋር በቀላሉ ሊምታታ ስለሚችል፣ አሳቡን ያመነጨው ሰው በዚያው አገዛዝ የታሰረና የተሰደደ መሆኑ አስቀድሞ መታወቅ ስላለበት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያሰጥሙ ነበር። ከመርከብ ባለቤቶች አንዱ የነበረው ሎውረንስ ሆልት አንድ ነገር እንዳሳሰበው ይተረካል። መርከቡ ሰጥሞ ሰዎቹ በነፍስ አድን ጀልባ ሲሳፈሩ፣ ጉልበታም የሆኑት ወጣቶች ተስፋ ቆርጠው ሲሞቱ ዕድሜያቸው የገፋው መርከበኞች ግን ብርዱንና ጥማቱን ችለው ይተርፉ ነበር ይባላል። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ተድበልብሎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሆልትንና ሃንን ያገናኘው ይህ አሳብ ነበር። በ1941 ዓ.ም. በዌልስ የባሕር ዳርቻ በአበርደቪ አንድ ወር ገደማ የሚፈጅ ሥልጠና የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙም አውትዋርድ ባውንድ ተባለ። ይህም በመርከበኞች ቋንቋ ወደቡን ትታ ወደ ባሕር የምትወጣ መርከብ የምትጠራበት ቃል ነው። ወደዚያ የመጡት የመርከብ ሠልጣኞች ብቻ አልነበሩም፤ የፋብሪካ ተለማማጆችና የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጆችም አብረው ገብተዋል። የሀብታሙ ልጅና የሠራተኛው ልጅ በአንድ ጀልባ ቀዝፈዋል፤ በአንድ ተራራ ላይ ዝናም መትቷቸዋል። ሆልት ሥልጠናው ለባሕር ሥራ ሳይሆን በባሕር አማካይነት የሚሰጥ ነው ይል እንደነበር ይነገርለታል።

ሃን በዘመኑ ወጣት ላይ ስድስት ነገሮች ሲመነምኑ ይታየው ነበር፤ የአካል ብቃት፣ በራስ ተነሣሽነት መሥራት፣ የማስታወስና በአሳብ የመፍጠር ኃይል፣ የእጅ ሙያና ጥንቃቄ፣ ራስን መግዛት፣ በመጨረሻም ለሌላው መራራት። ከሁሉም ይልቅ ያስጨነቀው የመጨረሻው ነው። ስለዚህም በእርሱ ሥርዓት ውስጥ የሰው ነፍስ ማዳን ከፍተኛውን ቦታ ይዟል። ሠልጣኙ ተራራ የሚወጣው፣ ገመድ የሚያስረው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው ሌላው ሰው አደጋ ላይ ሲወድቅ ለመድረስ እንዲችል ነው። ከጊዜ በኋላ የሃንን ሥርዓት የቀዱ ብዙዎች ተራራውንና ብርዱን ወስደው ይህን ትተውታል።

አሳቡ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ጎርደንስተን አስተምሮ በተመለሰው በጆሽ ማይነር አማካይነት ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ትምህርት ቤት በ1962 ዓ.ም. በኮሎራዶ ተራሮች፣ ማርብል በተባለች ስፍራ ሥራ ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኬሊና ቤር የተባሉ ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ ግዛት አንድ ጥናት አካሄዱ፤ ይህም ለዚህ ማኅበር አባላት ልዩ ትርጉም ያለው ነው። በወንጀል ተከሰው በግዛቱ የወጣት ጥፋተኞች መሥሪያ ቤት ሥር ከነበሩ ወንዶች ልጆች 60ዎቹ ወደ አውትዋርድ ባውንድ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ሌሎች 60 ደግሞ በተለመደው አኳኋን በተቋም ውስጥ ወይም በቁጥጥር ሥር እንዲቆዩ ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመር፣ ወደ ተራራና ወደ ባሕር ከተላኩት መካከል እንደገና ጥፋት ፈጽመው የተመለሱት 20 በመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ ወገን ግን 42 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በሁሉም ትምህርት ቤት እኩል አልነበረም፤ ዓመታት እየተቆጠሩ ሲሄዱም በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠቧል። ይህ መጥበብ ከ20ና ከ42ቱ ቁጥር ያላነሰ ግምት ሊሰጠው ይገባል። የአንድ ወር ሥራ ለአንድ ዓመት መቆየቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ለአምስትና ለአሥር ዓመት ይቆያል ብሎ መጠበቅ ግን ከአንድ ወር ብዙ መጠየቅ ነው።

በዚሁ ዘመን በዩታ ግዛት ላሪ ዲን ኦልሰን የሚባል ሰው ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር የተለየ ሥራ ይሠራ ነበር። ኦልሰን የጥንቱ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ በምድረ በዳ የሚኖርበትን ጥበብ በልጅነቱ በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርታቸው የወደቁ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ደቡብ ዩታ በረሃ እየወሰደ አንድ ወር ገደማ ያኖራቸው ነበር። ድንኳን የለም፤ ክብሪት የለም፤ ስንቁም ጥቂት ነው። ከዚያ ሲመለሱ ብዙዎቹ በትምህርታቸው መበርታታቸው ታየ። በኋላ ዘመን በአሜሪካ ምዕራብ ለተስፋፋው «የበረሃ ሕክምና» ዋናው ምንጭ ይህ ነው። ኦልሰን ራሱ በ1988 ዓ.ም. ከባልደረባው ከኢዝቂኤል ሳንቼዝ ጋር በአሪዞና ለወጣቶች የሚሆን ድርጅት አቋቁሟል።

ልጁ በዚያ ምን እንደሚያጋጥመው በጥቂቱ መግለጽ ያስፈልጋል። በእነዚህ ድርጅቶች የተለመደው ቆይታ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። ስልኩ፣ ሰዓቱ፣ ልብሱና ሲጋራው ይወሰዱበታል። ሸራ፣ የመኝታ ከረጢት፣ ገመድ፣ የቆርቆሮ ኩባያና ማንኪያ ይሰጡታል። ከሰባት ወይም ከስምንት ልጆች ጋር ቀን ቀን ይጓዛል፤ ማታ ሸራውን ዘርግቶ ያድራል። ብዙውን ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ነገ ወዴት እንደሚኬድ፣ መቼ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አይነገረውም። የሥነ ልቦና ባለሙያው በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ ያነጋግረዋል፤ በቀሩት ቀናት አብረውት የሚውሉትና የሚያድሩት በዕድሜ ከእርሱ ብዙም የማይበልጡ መሪዎች ናቸው። በመካከሉ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻውን እንዲሰነብት ይደረጋል።

ከሁሉም በላይ እሳት ማውጣት አለ። ልጁ ቅስት የመሰለ እንጨት በገመድ ይወጥራል፤ በገመዱ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይጠመጥማል፤ ያንን እንጨት በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አቁሞ ቅስቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሳበ ያሽከረክረዋል። የእኛም አገር እረኛ እንጨት በእንጨት ፈትጎ እሳት ማውጣትን ያውቀዋል፤ እርሱ ግን ከአባቱ አይቶ ይማረዋል እንጂ ሕክምና ብሎ አይጠራውም። የከተማው ልጅ መጀመሪያ ላይ ጭስ እንኳ አያገኝም። መዳፉ ይላጣል፤ እንጨቱ ይፈናጠራል፤ ገመዱ ይበጠሳል። ይናደዳል፤ ይሳደባል፤ ቅስቱን ይወረውራል። እናቱን ሲጮኽባት የፈለገውን ታደርግለት የነበረ፣ መምህሩን ሲሰድብ ከክፍል ተባሮ ይገላገል የነበረ ልጅ አሁን ስድቡን የሚሰማለት አጣ። እንጨቱ አይቀየምም፤ አይራራምም። አያያዙ ሲስተካከል፣ ትንፋሹ ሲረጋ፣ እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ሲመረጥ ከሳንቃው ሥር ጥቁር ዱቄት ይጠራቀማል፤ ጭሱም ይወፍራል፤ በዱቄቱ መካከል ቀይ ፍም ይታያል። ያን ፍም በደረቅ ልጥ ላይ አድርጎ በቀስታ እፍ ሲለው ይነዳል። ብዙ መሪዎች እንደሚናገሩት፣ ልጁ ስለ ራሱ የሚያወራው ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ይለወጣል። ሸራም እንዲሁ ነው። በደንብ ያልተወጠረ ሸራ ሌሊት ዝናሙን ያስገባል፤ ለዚህም ማንም አልፈረደበትም፤ የሚቀየመውም ሰው የለም።

የበረሃው ትምህርት ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከአዋቂዎች ጋር በማያልቅ ሙግት ውስጥ የኖረ ወጣት ሙግት በማይቀበል ነገር ፊት ይቆማል። መሪው በዚህ ጊዜ ከሳሽ ወይም ዳኛ መሆኑ ይቀራል፤ ያንኑ ምስር የሚበላ፣ በዚያው ብርድ የሚያድር፣ እንጨቱ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ታላቅ ወንድም ይሆናል።

ይህን የተረዳ ሰው የአሠራሩ ብልሽት ከየት እንደሚጀምር ለማየት አይቸገርም። እሳት ያላወጣ ልጅ ቀዝቃዛ እራት ቢበላ ይህ የእሳት ጉዳይ ነው። እሳት ባለማውጣቱ እራት የተከለከለ ልጅ ግን ከእሳት ጋር መገናኘቱ አበቃ፤ እንደገና ከአዋቂ ሰው ጋር ተፋጠጠ። ያውም በዚህ ጊዜ የሚጮኽለት እናት፣ የሚሸሽበት ጎረቤት፣ የሚያመለክትበት ፖሊስ በሌለበት ስፍራ ነው። ብርዱ ከሰማይ ሲመጣ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ብርዱ የመጣው ሰው ብርድ ልብሱን ስለ ወሰደ ከሆነ ቅጣት ነው፤ ከመጠን ሲያልፍም ሥቃይ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በዩታ የበረሃ ሕክምና ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ሆነ። ከኦልሰን ሥራ ጥበቡን ሳይሆን ችግሩን ብቻ የወሰዱ፣ በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት የሚመሩ ድርጅቶች ተነሡ። በ1990 ዓ.ም. አንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ በጉዞ ላይ ሞተች፤ ግዛቱም የቁጥጥር ደንብ አወጣ። በ1994 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መጨረሻ በዚያው በደቡብ ዩታ አንድ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ሞተ። የዚህ ልጅ ታሪክ በፍርድ ቤትም በመጽሔትም በሰፊው ስለ ተዘገበ በዝርዝር ይታወቃል። ልጁ በጉዞው ላይ ሆዱን እንደሚያመው ደጋግሞ ተናግሯል። ለብዙ ቀናት ምግብ፣ ለብዙ ሌሊቶችም የመኝታ ከረጢት ሳያገኝ ቆይቷል። ሰውነቱ እየመነመነ፣ መራመድ እያቃተው ሲሄድ አብረውት የነበሩት ሠራተኞች ያስመስላል ብለው አላመኑትም። ሲሞት በሐኪም የተገኘው ምክንያት ቁስል ተበስቶ ያስከተለው የሆድ ዕቃ መመረዝ ነው፤ በጊዜው ሐኪም ቤት ቢደርስ ሊድን የሚችል ሕመም ነበር። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ በፍርድ ቤት ጥፋተኞች ሆነዋል።

እነዚህን ሠራተኞች ጨካኞች ናቸው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገሩን ግን አያስረዳም። ሠራተኞቹ ሥራ ሲጀምሩ የተማሩት አንድ ትምህርት ነበር። ይኸውም ያስቸገረ ወጣት ውሸታም ነው፤ አዋቂን ማታለል ልማዱ ነው፤ አመመኝ ሲል ከጉዞው ለማምለጥ ነው የሚል ነው። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በትምህርቱ ውስጥ እውነት አለ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ይዋሻሉ። ነገር ግን የሚዋሽም ልጅ ይታመማል። የልጁን ቃል አስቀድሞ ዋጋ ያሳጣ ሥርዓት ሕመሙን የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። ለዚህ ነው በዚህ ዘርፍ ከተጻፉት የጥንቃቄ ደንቦች ሁሉ በጣም አስፈላጊው ስለ ጉዞው ርዝመት ወይም ስለ ሻንጣው ክብደት የሚናገረው ያልሆነው። አመመኝ ያለ ልጅ ሁልጊዜ እንደ ታመመ ተቆጥሮ በሐኪም ይታይ የሚለው ነው።

ደንብ መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የዩታው ታሪክ ያሳያል፤ የ1994ቱ ሞት የደረሰው ደንቡ ከወጣ በኋላ ነውና። በ2007 ዓ.ም. ለአሜሪካ ምክር ቤት የሚሠራው የመንግሥት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ባቀረበው ዘገባ፣ በበረሃና በአዳሪ ድርጅቶች ውስጥ ከደረሱት ሞቶች አሥሩን ለይቶ መርምሮ ነበር። በአብዛኞቹ ዘንድ ያልሠለጠነ ሠራተኛ፣ የጎደለ ምግብ ወይም የተናቀ ሕመም በአንድ ወይም በሌላ መልክ ተገኝቷል። በዚሁ ዘገባ መሠረት በ2005 ዓ.ም. ብቻ በ33 ግዛቶች 1,619 ሠራተኞች ልጆችን በመበደል ጉዳይ ስማቸው ተነሥቷል።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ልጁ ወደ በረሃው የሚደርስበት መንገድ ነው። ከአበርደቪ ሠልጣኞች መካከል አሠሪው ወይም ትምህርት ቤቱ የላከው ቢኖርም፣ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ አልነበረም። በኋላ ዘመን በአሜሪካ የተለመደው ግን፣ ወላጆች ለዚህ ሥራ የተቀጠሩ ሁለት ጠንካራ ሰዎችን ሌሊት ወደ ልጁ መኝታ ቤት እንዲገቡ መፍቀዳቸው ነው። ልጁ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣ ጫማውን እንኳ ሳይመርጥ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ይወሰዳል። ካደጉ በኋላ የመሰከሩ ብዙዎች የበረሃውን ብርድ ረስተው ያን ሌሊት ግን እንዳልረሱት ይናገራሉ። እናቱ በበሩ ላይ ቆማ ዝም ማለቷን ያየ ልጅ፣ በኋላ በደብዳቤ «ስለምንወድህ ነው» ሲባል የሚያምንበት ዓይን ጠፍቶበታል።

ይህ የባዕድ አገር ነገር ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ልጃቸው ከመጥፎ ጓደኛ ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ሲውል ሲያዩ ወደ አገር ቤት ወደ አያቱ ወይም ወደ አጎቱ የሚልኩበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ልጅ ነገሩ ተነግሮት፣ ተስማምቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ለክረምት ዕረፍት ነው ተብሎ ይመጣና ፓስፖርቱ በዘመድ ሳጥን ውስጥ እንደ ተቆለፈበት ያውቃል። አያት ቤት በረሃ አይደለም፤ ፍቅርም አለበት። ሆኖም ተታልዬ መጣሁ የሚል ልጅ ስለ አያቱ ቤት የሚያስበው አሜሪካዊው ልጅ ስለ ዩታ ከሚያስበው ብዙ አይርቅም።

በአንጻሩ የቆሎ ተማሪውን ሕይወት ማስታወስ ይጠቅማል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ይማራል። ረኀቡና ብርዱ ከማናቸውም የአሜሪካ በረሃ የሚተናነስ አይደለም፤ በበሽታና በችግር የቀረውም ብዙ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ ቤት ጠፍቶ የሄደው ራሱ ፈልጎ ነው። ከጎኑ እንደ እርሱ የሚለምኑ ጓደኞች አሉት፤ የኔታም ከደቀ መዛሙርቱ ብዙም ባልተሻለ ጎጆ ውስጥ ይኖራሉ። ችግሩን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ወደ አገሩ ሲመለስ አገሩ የሚያውቀው፣ ስም ያለው ቦታ ይጠብቀዋል፤ ዲያቆን ወይም መሪጌታ ይባላል። ከበረሃ የተመለሰው አሜሪካዊ ወጣት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ የሚጠብቀው ስም የለውም።

ስለ ሕክምናው ፍሬ ከተደረጉት ጥናቶች መካከል ኪት ራስል የተባለው ተመራማሪ በሰባት ድርጅቶች ውስጥ በነበሩ 858 ወጣቶች ላይ ያካሄደው ጎልቶ ይጠቀሳል። ልጆቹ ሲገቡና ሲወጡ የነበራቸው ሁኔታ ሲነጻጸር በራሳቸውም በወላጆቻቸውም መልስ መሠረት ከፍ ያለ መሻሻል ታይቷል። የጥናቱ ደካማ ጎን ግን ወደ በረሃ ካልሄዱ ተመሳሳይ ልጆች ጋር ያላነጻጸረ መሆኑ ነው። አሥር ሳምንት ያህል ሌሊቱን በሙሉ የሚተኛ፣ ቀኑን የሚራመድ፣ ከዕፅና ከአልኮል የራቀ፣ ፀሐይ የሚሞቅ የ16 ዓመት ልጅ በማናቸውም ስፍራ ቢሆን የተሻለ ስሜት ሊሰማው ይችላል። ምን ያህሉ ከሕክምናው፣ ምን ያህሉ ከእንቅልፉ እንደ መጣ ለመለየት እንደ ኬሊና ቤር ሁለት ወገን ማቆም ያስፈልጋል። ይህን መሰል ጥናት በዘርፉ ጥቂት መሆኑ፣ በቀን ከ500 ዶላር በላይ ያስከፍሉ ከነበሩት ድርጅቶች ትርፍ ጋር ሲታይ የሚያሳፍር ነው።

በ2024 ዓ.ም. በየካቲት ወር በሰሜን ካሮላይና ግዛት አንድ የ12 ዓመት ልጅ ወደ እንዲህ ያለ ካምፕ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ሞተ። የሞተው ሌሊት በተኛበት ዚፕ ያለው የመኝታ መሸፈኛ ውስጥ አየር አጥሮት መሆኑን የግዛቱ ሐኪም መረመረ፤ አሟሟቱንም በሌላ ሰው እጅ የደረሰ ሞት ብሎ መዘገበው። ግዛቱም የካምፑን ፈቃድ ሰረዘ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በልጅነታቸው በእንዲህ ያሉ ድርጅቶች ያለፉ ሰዎች ለዓመታት የጠየቁት፣ በተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ የሚደርሰውን በደል የሚመለከት ሕግ ወጣ። ከጠያቂዎቹ መካከል በዩታ አዳሪ ትምህርት ቤት የነበረችው ፓሪስ ሂልተን ትገኝበታለች። ሕጉ በአብዛኛው ጥናት እንዲደረግ የሚያዝዝ ነው፤ በርካታ ድርጅቶች ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ በራሳቸው ተዘግተዋል። አውትዋርድ ባውንድን የመሰሉት፣ ሠልጣኙ ወዴት እንደሚሄድ አውቆ የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች ሥራቸውን ቀጥለዋል።

በዚህ ሙያ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሁሉ የሚከብደው የመመለሻው ቀን ነው ይላሉ። ልጁ በበረሃ ሳለ ተለወጠ፤ ቤቱ፣ ሰፈሩና ጓደኞቹ ግን ባሉበት ቆይተዋል። ብዙ ድርጅቶች ይህን ፈርተው ልጁ ወደ ቤቱ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ ሌላ አዳሪ ተቋም እንዲገባ ይመክሩ ነበር። ልጁም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ብሎ የወጣውን ተራራ ሁሉ በከንቱ የወጣው ሆኖ ይሰማው ነበር። የተሻሉት ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወላጆችንም ያሠለጥናሉ። በመጨረሻ እናትና አባት ወደ በረሃው መጥተው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በሸራ ሥር ያድራሉ። ልጁ ቅስቱን ለአባቱ ይሰጠዋል፤ የእግሩን አቀማመጥ ያሳየዋል፤ አባቱ ሲቸኩልና ገመዱ ሲበጠስ ይጠብቀዋል። አብዛኞቹ አባቶች በመጀመሪያው ቀን እሳት አያወጡም።

አንድ ወላጅ ልጁን ለመላክ ወስኖ ወደ አማካሪ ሲመጣ፣ ወደ በረሃም ይሁን ወደ አያት አገር፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሊጠየቅ የሚገባው ከዚህ የሚነሣ ነው። ልጁ ወዴት እንደሚሄድ ተነግሮታል ወይ? በዚያ አመመኝ ቢል የሚሰማውና ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው ማን ነው? ሲመለስ በቤቱ ውስጥ ምን ተለውጦ ይጠብቀዋል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ ወላጅ ብዙ ነው፤ በዚህን ጊዜ የልጁ ጉዞ እንዲዘገይና ሥራው ከወላጁ ጋር እንዲጀመር ማድረግ ይቻላል።